ሰው በቤቱ ሲቆጠር

ሐምሌ ከገባ በኋላ በሸምበቆ ሰፈር ጨው የሚበደረው በገመድ ነው። ትርሲት በሯ ላይ ቆማ ትጣራለች። ፊት ለፊት ያለችው ዘይቱና ጨዉን በላስቲክ ጠቅልላ ገመዱ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ትርሲት ትስበዋለች። የሁለቱም እግር ከደፋቸው አያልፍም። ወሬውም፣ መድኃኒቱም፣ የልጆች መጫወቻውም በዚሁ ገመድ ይመላለሳል። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ቢያያቸው ተጣልተው በአስታራቂ የሚነጋገሩ ጎረቤቶች ይመስሉታል።

ሰላምታውም ተለውጧል። ጠዋት ከ"እንዴት አደርሽ" በፊት "ቁጥሩ እንዴት አደረ?" ይባላል። ቁጥሩ ሰፈሩ መሀል በተተከለው ረጅም ምሰሶ ላይ ይበራል። ከላይ ያለው የሸምበቆ ሰፈር ነው፣ ከሥሩ ያለው የማዶ። ማዶ የሚሉት ከወንዙ ወዲያ ያለውን አገር ነው። ወንዙ ከልክ ሲሞላ ውሃው አንድ ቦታ ማደር አለበት፤ የሚያድረውም በዚያች ሰዓት ሰው ባነሰበት በኩል ነው። የላይኛው ቁጥር ከታችኛው ካነሰ የሸምበቆ ሰፈር የውሃ በር ይከፈታል፣ ከበለጠ የማዶው። ልጆች ይህን ከፊደል እኩል ይማሩታል።

ሕጉ የሦስት አገር ነው፤ የእኛ፣ የማዶ፣ እና ወንዙ ባሕር የሚገባበት የታች አገር። መጀመሪያ የተጻፈው ግን ሩቅ ነው አሉ፣ ከባሕር ወለል በታች በክትር ተከልለው በሚኖሩ ሰዎች። ለእነሱ ሠርቶላቸዋል። ወደዚህ ሲመጣ ለሦስቱም አገሮች ሕጉን ከራሳቸው ኑሮ ጋር የሚያስማሙበት አንድ አንድ አንቀጽ ተፈቀደላቸው። የታች አገር ሰዎች ከተሜዎች ናቸው፤ በመዝገብ ያለ ነዋሪ የትም ይዋል የት ይቆጠር ብለው ጻፉ። ማዶዎች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ከብቱም በሰው ተተምኖ ይቆጠር አሉ። የእኛዎቹ ሹማምንት ደግሞ ማፈርን ፈሩ። አንዱ ሰው በሦስት ቀበሌ ስሙን እያስመዘገበ በጎረቤት አገር ፊት እንዳያዋርደን ብለው፣ ሰው የሚቆጠረው በአካል በቤቱ ሲገኝ ብቻ ነው ብለው ጻፉ። በስብሰባው ላይ ከሦስቱ ሁሉ ሐቀኛው አንቀጽ ተብሎ ተጨበጨበለት።

ከዚያ ወዲህ በሸምበቆ ሰፈር ሰው ክረምት ክረምት ከቤቱ አይወጣም። ገበያ የሚሄደው በተራ ነው። ትምህርት ቤት የሚኬደውም በተራ ነው። ሌላ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ አይረዳም፤ ቤቱ የራሱን ሰው ያውቃል፣ እንግዳ አይቆጥርም። ሰው ጎረቤቱ ቤት ከገባ ለሕጉ የለም።

ትርሲት ከዚህ ሁሉ በፊትም ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ልማዷ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሚልካ ከሐምሌ እስከ መስከረም የምትተኛው ጫማዋን አጥልቃ ነው። ልብስና ዳቦ ቆሎ የያዘ ቦርሳ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ዳቦ ቆሎው እንዳይሻግት በየሳምንቱ ይቀየራል። ባሏ ኢዮስያስ ይስቅባታል። ዘይቱና "ሟርተኛዬ" ትላታለች። የማይስቁባት እናቷ እማማ ሄራን ብቻ ነበሩ። እሳቸው አርጅተው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። በእሳቸው ወጣትነት ወንዙ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንንም ሳይቆጥር እንዲሁ ይሞላ እንደነበር ሲያወሩ ሚልካ ተረት ይመስላት ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ ከሦስቱ አገሮች የወንዝ ጽሕፈት ቤት ወይዘሪት ኬብሮን የምትባል የሕግ ባለሙያ መጣች። አንቀጹ ለሕዝቡ ተስማምቶት እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ስብሰባው ከሰፈሩ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለው አዳራሽ ተጠራ። ሰው ነጠላውን ለብሶ ወጣ፤ የሚለውን ሁሉ ሲያሰላስል የከረመ ነበርና። ከሰፈሩ የሚያስወጣውን ጎድጓዳ መንገድ አልፎ ገና ዳገቱን ሳይጀምር ምሰሶው ላይ የላይኛው ቁጥር ወደ ታችኛው እየወረደ ታየ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ናትናኤል አንካሳ እግራቸውን እየጎተቱ ከፊት ቆሙና ሰዉን በከዘራቸው መለሱት። ለአዳራሹ ስድስት ሰዎች ብቻ ተመረጡ። ስድስቱም በሌሎቹ ስም ለመናገር ይሉኝታ ያዛቸውና የቀረበላቸውን ውሃ ጠጥተው ወረዱ። ኬብሮን ትሑት ልጅ ነበረች። ጥያቄ ካልቀረበ አንቀጹ ተስማምቷል ማለት እንደሆነ አስረድታ፣ አመስግና ሄደች።

እማማ ሄራን ያረፉት ነሐሴ ሲጋመስ፣ ወፍ ሲንጫጫ ነው። ትርሲት እጃቸውን ይዛ ነበር። እጁ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ስለ እናቷ አልነበረም። ቀና ብላ በመስኮት ምሰሶውን አየች። ቁጥሩ በአንድ ቀንሷል። ቤቱ ከእሷ ቀድሞ አውቋል።

አልጮኸችም። በሸምበቆ ሰፈር ክረምት ላይ ሰው ሲሞት አይጮህም፤ ጩኸት ሰው ያስወጣል። ኢዮስያስን ቀስቅሳ ነገረችው፤ እሱም በገመዱ በኩል ጋሽ ናትናኤልን አስጠራ። ጋሽ ናትናኤል ጃንጥላ ይዘው መጥተው ከደጃፉ ቆሙ። አልገቡም። የእድሩ ጥሩምባ በትከሻቸው ነበር፤ አምጥተውት የነበረው ሊነፉት ሳይሆን ክብር ይሁናቸው ብለው ነው።

"ትርሲት፣ እግዜር ያጽናሽ" አሏት። "አታልቅሺ አልልሽም። ቀስ ብለሽ አልቅሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

ከዚያ ሥርዓቱን አወሩ። ማዶዎች ከሰሞኑ ከብት ከተራራ አውርደው ወንዙ ዳር አስገብተዋል፤ የእነሱ ቁጥር አድጓል። ወንዙም አፉ ድረስ ሞልቷል። ስለዚህ ለቅሶው የደጃፍ ለቅሶ ይሆናል። ቃሬዛውን የሚሸከሙት ከኮረብታው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ አይቆጠሩም። ከሰፈሩ ወደ መቃብር የሚሄዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከትርሲት ቤትም ሁሉም መሄድ አይችሉም።

"እኔ እቀራለሁ" አለች ትርሲት።

ጋሽ ናትናኤል ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እናትሽ ናት እኮ።"

"ለዚያ ነው የምቀረው። ሌላ ሰው ቢቀር ትዝ ይለውና ይወጣል። እኔ አልወጣም።"

እሳቸውም አልተከራከሯትም። ኢዮስያስና ሚልካ እንዲሄዱ ተቆረጠ። ሚልካን የላከቻት ራሷ ትርሲት ናት። ቤት ብትቀር ቁጥር ትሆናለች፤ ኮረብታው ላይ ግን ውሃ አይደርስም። ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን አልብሳ፣ እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ምንም ብታይ ከአባቷ እጅ እንዳትለቅ አስጠነቀቀቻት።

እማማ ሄራን በሰው ለቅሶ መጀመሪያ የሚደርሱ፣ መጨረሻ የሚነሱ ሴት ነበሩ። ንፍሮ ቀቅለው፣ ሐዘንተኛ አስተኝተው፣ እንግዳ ሸኝተው፣ ድንኳን ሲፈርስ ገመዱን የሚጠቀልሉት እሳቸው ነበሩ። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ቃሬዛው በመንገዱ ሲያልፍ በየበሩ ሰው ቆሟል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እግሩን ከደፉ ውስጥ ተክሎ፣ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ አዘንብሎ ያለቅሳል። አንዷ ሴት በሩን ይዛ ወደፊት ስታዘነብል እንዳትወድቅ ልጆቿ ከኋላ ቀሚሷን ይዘዋት ነበር። ዘይቱና ፊቷን በመዳፏ ሸፍና "ይብላኝ ለእኔ፣ እማማ" ስትል ትርሲት ሰማች። እሷም በበሯ ቆማ ቃሬዛው ጎድጓዳው መንገድ ውስጥ ገብቶ እስኪሰወር አየች። አለቀሰች ወይ ብትባል አታስታውስም።

ከዚያ ገባችና አልጋውን አነጠፈች። አንሶላውን ዘፈዘፈች። ዳቦ ቆሎውን ቀየረች።

ወደ መስኮቱ ስትመለስ ቁጥሩ ከጠበቀችው አንሷል። በጥቂቱ ነው። ቃሬዛ ተሸካሚ ጎድሎ ሰው ጨምረው ይሆናል አለች። እያየችው አንድ ወረደ። ቆይቶ ደግሞ ወረደ። ብልሽት ነው ብላ ልታስብ ሞከረች፣ ግን እሷ በብልሽት የምትጽናና ሴት አይደለችም። በሩን ከፍታ ዘይቱናን ጠራች። መልስ የለም። ገመዱን ሳበችው፤ ከወዲያ የሚይዘው ሰው አልነበረም፣ እየተጎተተ መጣላት።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። እያንዳንዱ ሰው በጓሮ በር ወጥቷል። እያንዳንዱ ያሰበውንም እንደ ነገሩት ያህል ታውቀዋለች። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ የእኔ መቅረት አይታወቅም፤ ሌሎቹ ይቀራሉ። እማማ ሄራንን በሰው እጅ አስቀብሬ በየትኛው ዓይኔ ትርሲትን አያታለሁ? ዘይቱና እንዲህ አለች፣ ባሏም ለብቻው እንዲህ አለ፣ ለዘይቱና ግን አልነገራትም። ከዚያ ዳገቱ ላይ ተገናኙ። ሁሉም ዳገቱ ላይ ተገናኘ። ማንም ማንንም ሊመልስ አልቻለም፤ እሱም ወጥቷላ። እናቷ በዚያ ሰዓት፣ ሰፈሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ ያልታየ ቀብር እየተቀበሩ ነበር።

የላይኛው ቁጥር ከታችኛው አነሰ። ከዚያ መውረዱ ፈጠነ፤ የቀሩትም ባዶ መንገድ አይተው ወጡ መሰለኝ አለች በልቧ። በመጨረሻ አንድ ላይ ቆመ። አንዷ እሷ ነበረች።

በቤቱ ውስጥ ቁጥሩን የሚይዘው ለስላሳ የሴት ድምፅ ተሰማ። ለልምምድ ሲያሰሙት እንጂ ለእውነት ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

"ጤና ይስጥልኝ። በቤት ውስጥ ሰው አለ?"

"አለሁ።"

"አመሰግናለሁ። በሰፈሩ የቀረው አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ ውሃው እዚህ ያድራል። ሰው ፈጽሞ ካልተገኘ ሳይጠብቅ ያድራል። መልካም ቀን።"

ትርሲት ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ምሰሶው ይታያል፤ አፈር አልብሰው ቀና ሲሉ አይተውታል ማለት ነው። ነጠላው ሁሉ በዳገቱ ቁልቁል እየፈሰሰ ነበር። ሰው ቤቱ ገብቶ ሊቆጠር ይሮጣል። ከፊት ጎረምሶቹ፣ ከኋላ ሴቶቹ፣ ከሁሉም በኋላ አንድ አንካሳ ሰው። መሀላቸው ቢጫ ነገር ታየ። ሚልካ ናት፤ የአባቷን እጅ ይዛለች፣ አባቷ እየሮጠ ነው።

ከኮረብታው ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው ጎድጓዳው መንገድ ብቻ ነው። የውሃው በር የሚከፈተው በዚያው ጎድጓዳ ጫፍ ላይ ነው። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው።

ግማሽ ሰዓት በቂ ይሆን ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆታል። ትርሲት በዚያች ሰዓት የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። ቢደርሱ ሰፈሩ ይተርፋል። ባይደርሱ ደግሞ ሁሉም ጎድጓዳው ውስጥ ሳሉ ውሃው ይመጣል። እሷ ቤት እስካለች ድረስ ደግሞ መሮጣቸውን አይተዉም፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ተስፋ አለው፣ የሰፈሩ ሰው እሷን ብቻዋን ጥሎ አይቆምም። ግማሽ ሰዓት ያለችው ሴት ደግሞ ሩቅ ናት። ትርሲት በሕይወቷ ሰዓቱን አክብሮ የመጣ ክፉ ነገር አይታ አታውቅም።

ውሃው ገና እነሱ ዳገቱ ላይ እያሉ ከመጣ ግን ማንም አይገባበትም።

ቦርሳውን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ የእናቷን ነጠላ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ከዚያ እግሯን ከደፉ አሳልፋ ወጣች።

ምሰሶው ላይ ባዶ በራ።

ከታች በኩል ከባድ መኪና ሲነሳ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ትርሲት ከቤቷ ጀርባ ያለውን የወንዙን ክትር በእጅና በእግሯ ወጥታ ጫፉ ላይ ቆመች። ውሃው ቡናማ ነበር፤ አልቸኮለም። ጎድጓዳውን ሞልቶ፣ መንገዱን ይዞ፣ እንደሚያውቀው ቤት በየበሩ ገባ። የዘይቱና ገመድ ለጥቂት ጊዜ ከላይ ተንሳፍፎ ታየና ጠፋ።

ከወዲያ ሰዉ ዳገቱ ላይ ቆመ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የዘይቱና ባል ነበር፤ ጫማው ብቻ ረጥቧል። ትርሲት ከክትሩ ላይ፣ እነሱ ከዳገቱ ላይ፣ መሀላቸው ውሃ ሆኖ ተያዩ። ማንም አልተጣራም። ቢጫውን ካፖርት ፈልጋ አገኘችው። ከዚያ ጀልባው እስኪመጣ ቁጭ ብላ ከቦርሳው ዳቦ ቆሎ አውጥታ በላች። እንደራባት ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ማታ የሦስቱም አገር ዜና አንድ ነበር። ውሃው ሰው በሌለበት አደረ፤ በሰው ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም፤ ሕጉ እንደታሰበው ሠርቷል። ሐዘኑን የሚገልጽ ሰው አልነበረም፣ የሚታዘንለት ሰው አልተገኘምና።

ትርሲትን ፊት ለፊት የወቀሳት የለም። ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው እንደርስ ነበር ይላሉ። አንዱ ከኮረብታው እስከ ሰፈሩ ሮጦ ሰዓት ይዞ ሲለካ ታይቷል፤ ስንት እንደሆነ ግን ለትርሲት አልነገራትም። ጋሽ ናትናኤል አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠው ከዘራቸውን እያሹ፣ "ይደርሱ ነበር አሉ። ይሆናል። እኔ ግን አልደርስም ነበር" አሏት። ከዚያ ሌላ ነገር አወሩ። ዘይቱና ግን ምንም አላለቻትም። ውሃው ሄዶ፣ ጭቃው ተጠርጎ፣ ቤቶቹ በዚያው መሬት ላይ ሲታደሱ አዲስ ገመድ አልዘረጋችም። ትርሲት ጨው ሲያልቅባት ያለ ጨው ትሠራለች።

ወይዘሪት ኬብሮን የተመለሰችው ሰዉ ገና ኮረብታው ላይ በሸራ ተጠልሎ ሳለ ነው። አሁን የሚጠብቁት ቤት ስለሌላቸው ስብሰባው ሞላ። ኬብሮን በሁለቱ አገሮች ዞራ እንደመጣች ተናገረች። ማዶዎች አንቀጻቸውን አሻሽለው ጥጃንም አስቆጥረዋል። የታች አገር ሰዎች ስደት የሄዱትን ጨምረዋል። ከዚህ አገር ግን እስካሁን አንድም አስተያየት አልደረሳትም።

"ሕጉ የእናንተን ኑሮ እንዲያውቅ እናንተ መናገር አለባችሁ" አለች። "ምንድን ነው ያልገባው?"

ሰው አቀረቀረ። ከኋላ አንድ ሰው "ውሃውን ጠይቂው" ሲል ጥቂቶች ሳቁ። ትርሲት መነሳቷን ያወቀችው ሰው ሲዞር ነው። በትምህርት ከአሥረኛ ክፍል አላለፈችም፣ በስብሰባ ላይም ተናግራ አታውቅም።

"ሰው ሲሞትብን ቤታችን አንገኝም" አለች። "የምንገኘው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። እዚያ ቁጠሩን።"

ኬብሮን ቀና አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። ትርሲትን የተናገረችውን አስደገመቻት፣ ከዚያም ለሰዉ ደግማ ነገረችው፣ ይህን የመሰለ የሚያስማማ ሐሳብ ከየትም እንዳላገኘች ተናገረች። ሰው አጨበጨበ። ዘይቱናም አጨበጨበች፤ ትርሲት አይታታለች።

የድንኳን አንቀጽ በበጋው ጸደቀ። የለቅሶ ድንኳን እንደ ቤት ይቆጠራል፤ በውስጡ ያለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቤቱ እንዳለ ይቆጠራል። ከተፈቀደለት ሰዓት በቀር ከስፍራው የማይነሳው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ዋናው ሐዘንተኛ። እንዳይጭበረበርም ተብሎ ለቅሶው እውነተኛ የሞት ለቅሶ መሆን አለበት፤ ሟቹም ከሞተ ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። አሁንም ሐቀኛው አንቀጽ የእኛ ነበር።

አንቀጹን በትክክል ያነበቡት ጋሽ ናትናኤል ናቸው። እማማ ሄራን ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ሰኔ ሲገባ ድንኳኑ በእሳቸው ስም ተተከለ። ትልቅ ነው፤ ሰፈሩን በሙሉ ይይዛል። ሰው በቤቱ ተለያይቶ ከመቀመጥ እዚያ አብሮ መዋል ጀመረ፤ ብዙ ዓመት ያልተገናኙ ጎረቤቶች ተገናኙ። ልጆች በአንዱ ጥግ ይማራሉ። ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ንፍሮ ሰልችቷቸው ሽሮ ይሠራሉ። እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ቁጥሩም ሳይነቃነቅ ይውላል።

ትርሲት መሀል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ጥቁር ለብሳ ትቀመጣለች። ጠዋትና ማታ ድምፁ ይመጣል።

"ጤና ይስጥልኝ። ሐዘንተኛ አለ?"

"አለሁ።"

"አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

ካርታ ተጫዋቾቹ ለዚያች ደቂቃ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ትርሲት እውነት እያለቀሰች ነበር። በኋላ ለማልቀስ ስትፈልግ የእናቷን እጅ ማሰብ ጀመረች፤ አሁን ያም እጅ ብዙ ከመታሰቡ የተነሳ የማንም እጅ መስሏታል። ዘይቱና አጠገቧ ትተኛለች፤ ፍራሾቹ በቅርብ ስለሚነጠፉ ነው እንጂ መርጣ አይደለም።

ችግሩ ነሐሴ ነው። ወንዙ ከሁሉ የሚብሰው በነሐሴ ነው፤ የእማማ ሄራን ዓመት የሚሞላውም በነሐሴ፤ ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ የሚቆጠረው ሌላ ሰው ከሞተ ብቻ ነው። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ሐምሌ ሲገፋ ግን ሰው ሁሉ ለሽማግሌዎች ደግ ሆነ። ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ተደረበ። ዝናብ ያስገባ የነበረው ቀዳዳ በእነሱ በኩል ተደፈነ። እንዴት አደራችሁ ሲባሉ መልሳቸው በጥሞና ይሰማል።

ጋሽ ናትናኤል ሳል የጀመራቸው በዚያን ጊዜ ነው። ሳሉ ወደ ደረታቸው ወረደ። ትርሲት ከስፍራዋ እንድትነሳ በተፈቀደላት ሰዓት አጥሚት እየሠራች ትወስድላቸው ጀመር። ሌሎችም ያመጡላቸዋል። በድንኳኑ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚጠየቅ ሰው የለም።

አንድ ከሰዓት ኩባያውን ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ ተደግፈው ሰፈሩን ሁሉ በዓይናቸው ቃኙ። ሰው ቀና ብሎ ያያቸውና ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል።

"ምን ያህል ወዳጅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር" አሉ። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። "አይዟችሁ በያቸው። በነሐሴ አላሳፍራቸውም።"

"ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ።"

"ቀልድ ነው።"

"አውቃለሁ። ይጠጡ።"

ኩባያውን ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ሳይጠጡ መለሱትና አዩአት። "እውነት ይጠጡ ነው የምትዪኝ?"

ትርሲት የምትመልሰውን ፈለገች። በሯ ሥር የነበረው ቦርሳ ትዝ አላት፣ ቢጫው ካፖርት ትዝ አላት፣ የሞላው ጎድጓዳ ትዝ አላት። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ አጠጣቻቸው። ጨርሰው ጠጡ። ልክ የሆነ ጨው ነበረው፤ ጨዉን በጠዋት ዘይቱና ናት የሰጠቻት፣ ሳትጠየቅ።

ወደ ስፍራዋ ስትመለስ ሚልካ ከልጆቹ መሀል ተነስታ መጣች። አሥር ዓመት ሞልቷታል። ጫማዋን አጥልቃለች።

"እማዬ" አለች፣ "ጋሽ ናትናኤል እንዴት ዋሉ?"

ትርሲት ያን አነጋገር የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ጠዋት ጠዋት በየበሩ፣ በገመዱ ላይ፣ ሁሉም ሰው ስለ ቁጥሩ ሲጠይቅ የሚጠይቅበት ድምፅ ነው።

"ተሽሏቸዋል" አለቻት።

ሚልካ የድንኳኑን ሸራ ገለጥ አድርጋ፣ ዝናቡ ውስጥ የሚበራውን ምሰሶ ማየት ጀመረች።